የማይታየው እሳት፦ «የመብራት ሂሳብ» የምንለው ገንዘብ የት ይሄዳል?

በየሁለት ወሩ የኤሌክትሪክ ሂሳብ ወደየቤታችን ይደርሳል። ለአንዳንዱ በፖስታ፣ ለሌላው በስልክ ይላካል። በብዙዎቻችን ቤት ሂሳቡን መጀመሪያ የሚያነበው ዕብራይስጥ የሚችለው ልጅ ነው። ልጁም ከጽሑፉ ሁሉ የሚፈልገው አንድ ቁጥር፣ ማለትም የሚከፈለውን ገንዘብ ብቻ ነው። ቁጥሩን ለእናቱ ይነግራታል። እናቲቱ ትደነግጣለች። ከዚያ ምሽት ጀምሮ በቤቱ ውስጥ አንድ ትእዛዝ ይታወጃል፦ «መብራት አጥፉ!»

ስለዚህ ጉዳይ ከቤተሰቦች ጋር ስንነጋገር ደጋግመን ያየነው ነገር አለ። አንዲት አረጋዊት እናት በክረምት ማታ በጨለማ ሳሎን ውስጥ ጋቢያቸውን ተከናንበው ተቀምጠው እናገኛቸዋለን። «እማማ፣ ምነው በጨለማ?» ብለን ስንጠይቃቸው «ሂሳቡ በዛብኝ፣ ልጆቼ» ይሉናል። በዚያው ሰዓት ግን በመታጠቢያ ቤቱ በር አጠገብ ያለው የውሃ ማሞቂያ ማብሪያ፣ ቀይ ምልክቱ ከጠዋት ጀምሮ እንደ በራ ነው። እማማ የሚቆጥቡት ሳንቲሙን ነው፤ ብሩ በሌላ በር እየወጣ ነው።

ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀነው ስለዚህ ነው። ዓላማችን ቤተሰብ ሁሉ በብርድና በጨለማ እንዲኖር ለመምከር አይደለም። የኤሌክትሪክ ኃይል በቤታችን ውስጥ የት እንደሚበላ ከታወቀ፣ ምቾትን ሳይቀንሱ ወጪን መቀነስ እንደሚቻል ለማስረዳት ነው።

ቃሉ ያሳሳተን ነገር

በአማርኛ ኤሌክትሪክን «መብራት» ብለን መጥራት ለምደናል። በኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ የሚያከፋፍለውን ድርጅት ሕዝቡ «መብራት ኃይል» ይለው ነበር፤ ኤሌክትሪክ ሲቋረጥም «መብራት ጠፋ» እንላለን። ይህ አጠራር በጊዜው ትክክል ነበር። ኤሌክትሪክ በገባበት ቤት ሁሉ መጀመሪያ የሚታየው አምፑል ነበርና። አብዛኞቻችን ከመጣንባቸው የወገራ፣ የደምቢያ፣ የስሜንና የትግራይ መንደሮች ውስጥ ግን እርሱም አልነበረም። ምግብ የሚበስለው በእንጨትና በኩበት፣ ማታም የሚታየው በኩራዝና በምድጃው ብርሃን ነበር።

ዛሬ በምንኖርበት ቤት ነገሩ ተለውጧል። ኤሌክትሪክ ውሃ ያፈላል፣ እንጀራ ይጋግራል፣ ቤት ያሞቃል፣ ቤት ያቀዘቅዛል፣ ልብስ ያጥባል፣ የሰንበትን ምግብ ያሞቃል። ቃላችን ግን አሁንም «መብራት» ይላል። ስለዚህ ሂሳቡ ሲበዛ እጃችን የሚሄደው ወደ አምፑሉ ነው።

ለማስታወስ የሚበቃው ደንብ አንድ ነው። ሙቀት የሚሠራ ዕቃ ብዙ ይበላል፤ ብርሃን ወይም ድምፅ የሚሠራ ዕቃ ጥቂት ይበላል። ኤሌክትሪክን እንደ መብራት ሳይሆን እንደ እሳት ብናስበው ይሻላል። ጭሱና ነበልባሉ የማይታይ፣ እንጨቱም በጀርባ የማይመጣ እሳት ነው። እሳትን ስለ መቆጠብ ደግሞ እናቶቻችን የሚያስተምሩን እንጂ የሚማሩት ብዙ ነገር የለም። እንጨት ከሩቅ ተሸክሞ የመጣ ሰው አላግባብ አያነድም። ሥራ ሲያልቅ ፍሙን በአመድ መዳፈን፣ እሳት ሲጠፋ ከጎረቤት መጫር፣ ምጣዱ ከጋለ ሳይቀዘቅዝ ሊጡን ሁሉ መጨረስ የታወቀ የቤት ጥበብ ነበር። የሚጎድለን ነገር ያንን ጥበብ ወደ ማይታየው እሳት ማሸጋገር ብቻ ነው።

የሚለካው በምንድን ነው?

ጤፍ በኪሎ፣ ዘይት በሊትር እንደሚለካ ሁሉ ኤሌክትሪክ የሚለካው በኪሎዋት ሰዓት ነው። በዕብራይስጥ ኪሎዋት ሻዓ፣ በአጭሩ ኮታሽ ይባላል። አንድ ኪሎዋት 1,000 ዋት ነው። በማንኛውም ዕቃ ጀርባ ወይም ሥር በተለጠፈው ጽሑፍ ላይ የዋቱ ቁጥር ይገኛል። 1,000 ዋት የሚል ዕቃ አንድ ሰዓት ሙሉ ቢሠራ አንድ ኪሎዋት ሰዓት ይበላል። 2,000 ዋት የሚል ዕቃ ያንኑ በግማሽ ሰዓት ይበላል።

የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ በየጊዜው ስለሚለዋወጥ በሂሳቡ ላይ ተጽፎ ይገኛል። ለስሌት እንዲቀል በዚህ ጽሑፍ ውስጥ 60 አጎሮት ብለን እንይዛለን። አንባቢ በራሱ ሂሳብ ላይ ያለውን ዋጋ አስገብቶ ሊያሰላ ይችላል።

አሁን የእማማን ቤት እንመርምር። የሳሎናቸው አምፑል ዛሬ በየሱቁ የሚሸጠው ዓይነት የኤልኢዲ አምፑል ሲሆን 9 ዋት ነው። በየማታው 5 ሰዓት ቢያበሩት በሁለት ወር፣ ማለትም በ60 ቀን፣ 2.7 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል። ይህም 1 ሼቄል ከ62 አጎሮት ነው። የውሃ ማሞቂያው የኤሌክትሪክ ብረት ደግሞ ብዙ ጊዜ 2,500 ዋት ነው። በየቀኑ ያለ አስፈላጊነት አንድ ሰዓት ብቻ ቢሠራ በ60 ቀን 150 ኪሎዋት ሰዓት፣ ማለትም 90 ሼቄል ይበላል። እማማ ሁለት ወር ሙሉ በጨለማ ተቀምጠው ያተረፉት ሁለት ሼቄል አይሞላም። በአንድ የተረሳ ማብሪያ ግን 90 ሼቄል ሄዷል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ምክራችን ይህ ነው፦ አረጋውያን በጨለማ አይቀመጡ። በጨለማ ወድቆ እግር ወይም ዳሌ መሰበር ከማንኛውም ሂሳብ ይከብዳል።

የፀሐይ ማሞቂያው (ዱድ ሼሜሽ)

ወደ እስራኤል የመጣ ሰው በየጣሪያው ላይ የሚያያቸው ነጭ በርሜሎችና ጥቁር መስተዋቶች የፀሐይ ውሃ ማሞቂያዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1973 ከደረሰው የነዳጅ ችግር በኋላ መንግሥት ነገሩን አጥብቆ ይዞ፣ ከ1980 ጀምሮ በጣም ረጃጅም ከሆኑት ሕንፃዎች በቀር በአዳዲስ መኖሪያ ቤቶች ሁሉ እንዲተከሉ በሕግ አስገድዷል። አሠራሩ ቀላል ነው። በመስተዋቱ ሥር ባሉት ጥቁር ቱቦዎች ውስጥ ያለው ውሃ በፀሐይ ይሞቃል። የሞቀ ውሃ ቀላል ስለሆነ ወደ ላይ ወደ በርሜሉ ይወጣል፤ ቀዝቃዛው ደግሞ ወደ ታች ወርዶ በተራው ይሞቃል። በርሜሉ ሙቀት በሚይዝ ነገር የተሸፈነ ስለሆነ ውሃው ለሰዓታት ሳይቀዘቅዝ ይቆያል። በበርሜሉ ውስጥ ደግሞ ፀሐይ በማይበቃበት ቀን የሚረዳ የኤሌክትሪክ ብረት አለ። በቤት ውስጥ ያለው ማብሪያ የሚያበራው ይህን ብረት ነው።

ብዙ ቤተሰብ ይህን ልዩነት ሳይነገረው ቀርቶ፣ ማብሪያው ካልበራ ሙቅ ውሃ የማይመጣ ይመስለዋል። ነገሩ እንዲህ ነው፦

በበጋ ቀን ማብሪያውን ማብራት በጭራሽ አያስፈልግም። ፀሐይዋ ውሃውን በነጻ ታሞቃለች። ቤተሰቡ በዝቶ ሙቅ ውሃ የሚያልቅ ከሆነ፣ ከፊሉ ቀትር ላይ ከፊሉ ማታ ቢታጠብ በመካከሉ ፀሐይዋ እንደገና ታሞቀዋለች።

በክረምት ደመናማ ቀን 150 ሊትር ውሃ ከ20 ወደ 50 ዲግሪ ለማሞቅ ከ5 ኪሎዋት ሰዓት ጥቂት የሚበልጥ ያስፈልጋል። ይህም በ2,500 ዋት ብረት ሁለት ሰዓት ያህል ነው። ለአንድ ወይም ለሁለት ሰው ከዚህ ያነሰ ጊዜ ይበቃል። ከመታጠቢያ ሰዓት በፊት አብርቶ ወዲያው ማጥፋት ነው። ሌሊቱን ሙሉ ማብራት ጥቅም የለውም። በርሜሉ ቀስ በቀስ ይቀዘቅዛል፤ ብረቱም በየጊዜው እየተነሳ እንደገና ያሞቀዋል፤ የሚታጠብበት ግን የለም።

መርሳት የሚያስቸግረው ቤተሰብ በኤሌክትሪክ ሠራተኛ አማካይነት የሰዓት መቆጣጠሪያ ቢያስገጥም ወጪውን ቶሎ ይመልሳል። መስተዋቱ አቧራ ከያዘ ወይም ከተሰነጠቀ ደግሞ ፀሐይ እያለች ውሃው አይሞቅም። ይህን ማየት ያለበት ባለሙያ ነው፤ ሽማግሌም ልጅም ጣሪያ ላይ አይውጣ።

ቤትን ማሞቅና ማቀዝቀዝ

እ.ኤ.አ. በ1991 በዘመቻ ሰሎሞን በመጣንበት ዘመን ብዙዎቻችን የኖርንባቸውን ክራቫኖች የሚያስታውስ ሰው፣ ቀጭን ግድግዳ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። በክረምት በረዶ፣ በበጋ ምድጃ ነበሩ። ሙቀትም ብርድም የሚገባው በግድግዳ፣ በመስኮትና በበር ሥር ነው። ስለዚህ ገንዘብ የማይጠይቀው ቁጠባ ከዚህ ይጀምራል። በበጋ ቀን ፀሐይ በምትመታው በኩል ያለውን የመስኮት መከለያ (ትሪስ) መዝጋት፣ ማታ ሲቀዘቅዝ መክፈት ነው። በክረምት ደግሞ ቀን ፀሐይ እንድትገባ መክፈት፣ ሲመሽ መዝጋት፣ በበር ሥር ያለውን ክፍተት በጨርቅ መድፈን ነው።

በክረምት ከፍተኛውን ሂሳብ የሚያመጣው በብዙ ቤት የኤሌክትሪክ ማሞቂያ (ታኑር) ነው። ሽቦው ቀይ ሆኖ የሚታየውም፣ በውስጡ ዘይት ያለውም በአሠራር አንድ ነው። አንድ ኪሎዋት ሰዓት ከወሰደ የሚሰጠው ሙቀትም አንድ ኪሎዋት ሰዓት ነው። ማዝጋን ግን ሙቀትን አይፈጥርም፤ በውጭ አየር ውስጥ ያለውን ሙቀት ስቦ ወደ ቤት ያስገባል እንጂ። ስለዚህ በአንድ ኪሎዋት ሰዓት የሦስት ያህል ሙቀት ሊሰጥ ይችላል።

በቁጥር እንየው። 2,000 ዋት ማሞቂያ በየማታው 5 ሰዓት ቢነድ በሁለት ወር 600 ኪሎዋት ሰዓት፣ ማለትም 360 ሼቄል ይሆናል። ያንኑ ሙቀት ማዝጋን ሲሰጥ 200 ኪሎዋት ሰዓት፣ ማለትም 120 ሼቄል ያህል ይበቃዋል። ብዙ ሽማግሌዎች «ማዝጋን ውድ ነው» ብለው ሳይነኩት ታኑሩን ሌት ተቀን ያነዱታል። ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው።

ማዝጋኑን በክረምት 20 ወይም 21 ዲግሪ፣ በበጋ 24 እስከ 26 ዲግሪ ላይ ማድረግ ይበቃል። በበጋ 16 ዲግሪ ላይ ማድረግ ቤቱን ቶሎ አያቀዘቅዘውም፤ ሥራውን ብቻ ያረዝመዋል። የአየር ማጣሪያው መረብ አቧራ ሲይዝ ማዝጋኑ ብዙ እየበላ ጥቂት ይሠራል። መረቡን አውጥቶ በውሃ አጥቦ፣ አድርቆ መመለስ ልጅም የሚችለው ሥራ ነው።

ምጣዳችን

ያለ እንጀራ የሚያድር ቤት በመካከላችን ጥቂት ነው። በኢትዮጵያ የሸክላውን ምጣድ የሚሠሩት ብዙውን ጊዜ የእኛው ሴቶች ነበሩ። ከጎንደር ከተማ ወጣ ብላ የምትገኘው ወለቃ በዚህ የታወቀች ናት። የኤሌክትሪክ ምጣድም መሠረቱ ያው ነው። ከሸክላው ሥር የተዘረጋ ሽቦ ሲግል ሸክላውን ያግለዋል፤ ሸክላውም ሙቀቱን ይዞ ያቆያል። ቶሎ አይግልም፤ ቶሎም አይቀዘቅዝም። ቁጠባውም የሚመጣው ከዚህ ጠባዩ ነው።

ለምሳሌ 3,000 ዋት የሆነ ምጣድ እስኪግል ሩብ ሰዓት ቢወስድ፣ አንድ እንጀራ ሳይወጣ 0.75 ኪሎዋት ሰዓት ወይም 45 አጎሮት ሄዷል። በሳምንት አምስት ቀን ጥቂት ጥቂት የሚጋግር ቤት ይህን አምስት ጊዜ ይከፍላል። በሁለት ቀን አጠቃሎ የሚጋግር ሁለት ጊዜ ብቻ ይከፍላል። ልዩነቱ በሁለት ወር ወደ 11 ሼቄል ተኩል ይደርሳል። ብዙ አይደለም፤ ነገር ግን የሚከተሉት ሲጨመሩበት ያድጋል፦

ሊጡ ኩፍ ብሎ ሳይደርስ፣ ማሰሻውና ሰፌዱ ሳይቀርቡ ምጣዱን አለማብራት። በጋለ ምጣድ ፊት ቆሞ ዕቃ መፈለግ ገንዘብ ማቃጠል ነው።

አክንባሎው በምጣዱ ላይ በደንብ የሚገጥም መሆኑን ማየት። እንፋሎቱ በጎን ከወጣ ሙቀቱም ይወጣል፤ የእንጀራውም ዓይን አያምርም።

የመጨረሻዎቹ ሁለትና ሦስት እንጀራዎች ሲቀሩ ማጥፋት። ሸክላው በያዘው ሙቀት ይጋገራሉ። ምጣዱ ገና ትኩስ ሳለ ቂጣ ወይም ቆሎም ይወጣበታል።

ከጎረቤት ጋር መጋገር። አንዷ ጨርሳ ሳይቀዘቅዝ ሌላዋ ብትቀጥል፣ እንደ ድሮው እሳት መጫር ማለት ነው። ወጪውን በየተራ መካፈል ይቻላል፤ ወሬውም ቡናውም በነጻ ይገኛል።

ስለ ምጣድ አንድ የጥንቃቄ ነገር እንጨምር። በእስራኤል የተለመደው የግድግዳ ሶኬት 16 አምፔር ሲሆን፣ በ230 ቮልት የሚሸከመው 3,680 ዋት ያህል ነው። ምጣዱ ብቻውን ወደዚያ ይጠጋል። ስለዚህ ምጣድንና የውሃ ማፍያን (ኩምኩም) በአንድ ማራዘሚያ ገመድ ላይ መሰካት ገመዱን ያግለዋል፤ ያቀልጠዋል፤ ቤትም ያቃጥላል። ምጣድ በቀጥታ በግድግዳው ሶኬት ላይ ብቻውን ይሰካ። ሶኬቱ ሲነካ የሚሞቅ ወይም የጠቆረ ከሆነ መጋገሩን አቁሞ ፈቃድ ያለው የኤሌክትሪክ ሠራተኛ መጥራት ይገባል።

የሰንበት እሳት

በቤተ እስራኤል ሥርዓት ዓርብ ፀሐይ ሳትጠልቅ እሳቱ ይጠፋ እንደነበር አዛውንቶቻችን ያስታውሳሉ። ዳቦው ተጋግሮ፣ ወጡ ተሠርቶ፣ ቤቱ ተጠርጎ ያልቅና ሰንበትን የሚበላው ቀዝቃዛ ምግብ ነበር። በእስራኤል ብዙዎቻችን ሰንበት ከመግባቱ በፊት የሚበራውን የኤሌክትሪክ ፕላታ ለምደናል። ፕላታውም ከዓርብ ማታ እስከ ቅዳሜ ማታ 25 ሰዓት ያህል ይነድዳል። 400 ዋት የሆነ ፕላታ በዚህ ጊዜ 10 ኪሎዋት ሰዓት፣ ማለትም 6 ሼቄል ይበላል። በሁለት ወር ውስጥ ስምንት ሰንበት ቢቆጠር 48 ሼቄል ነው።

የሰንበት ሰዓት (ሻዖን ሻባት) የሚባለው ትንሽ ዕቃ ፕላታውን አስቀድሞ በተወሰነለት ጊዜ ያጠፋዋል። ለዓርብ እራት ብቻ 5 ሰዓት ቢነድ ወጪው በሰንበት 1 ሼቄል ከ20 አጎሮት ይሆናል። የቀረውን ምግብ ከእራት በኋላ ማቀዝቀዣ ውስጥ ማስገባት ይገባል። በጠፋ ፕላታ ላይ ለብ ብሎ ያደረ ሥጋ ይበላሻልና። በማግስቱ የሚበላውን ቀዝቃዛ አድርጎ ማዘጋጀትም ለአያቶቻችን እንግዳ ነገር አልነበረም። በሰዓቱ አጠቃቀም ላይ የሃይማኖት ጥያቄ ያለበት ቤተሰብ ቄሱን ወይም ራቢውን ይጠይቅ። ፕላታውና ሰዓቱ የሚሸከሙትን ዋትም ከመግጠም በፊት ማመሳከር ያስፈልጋል።

በአጭሩ የሚታለፉ

ማቀዝቀዣ ውስጥ ትኩስ ወጥ አይግባ። ከጀርባው ካለው ግድግዳም ትንሽ ራቅ ይበል። ልብስ በ60 ዲግሪ ፋንታ በ30 ወይም በ40 ማጠብ ይበቃል፤ የመታጠቢያው ወጪ ከሁሉ ይበልጥ ውሃ ማሞቁ ነውና። በፀሐይ አገር ልብስ በገመድ ይድረቅ። በኩምኩም የሚፈላው ውሃ የሚጠጣው ያህል ብቻ ይሁን። ባቄላና ሽምብራ ማታ ቢዘፈዘፉ ጠዋት ቶሎ ይበስላሉ። ድስት ይከደን።

ገንዘብ ተቆጥቦ ሕይወት እንዳይጠፋ

በዚህ ነገር ላይ ቆም ብለን እንናገራለን። ሂሳቡን ፈርተው በክረምት ከሰል በምድጃ አቀጣጥለው ክፍል የሚያሞቁ ሰዎች አሉ። ይህ የሚገድል ቁጠባ ነው።

ከሰል ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ይወጣል። ጋዙ ቀለም የለውም፤ ሽታም የለውም። የሚተነፍሰውን ሰው ራሱን ያመዋል፣ ያዞረዋል፣ ያንቀላፋዋል፤ ከዚያም ሳይነቃ ይሞታል። «በአገራችን ሌሊቱን ሙሉ እሳት ይነድ አልነበረም ወይ?» የሚል ይኖራል። ልክ ነው። ግን የጎጆው ክዳን ሣር ነበር፤ ግድግዳውም እንጨትና ጭቃ ነበር፤ ጭሱም ጋዙም በየክፍተቱ ይወጣ ነበር። የዛሬው አፓርታማ ግን በአሉሚኒየም መስኮትና በሲሚንቶ የታሸገ ነው፤ የገባው አይወጣም።

ስለዚህ ከሰል ለማሞቂያ በቤት ውስጥ ፈጽሞ አይቀጣጠል። ቡና በከሰል ማፍላት የሚወድ ሰው በረንዳ ላይ ያፍላ፤ ፍሙም ሳይጠፋ ወደ ውስጥ አይግባ። በላምባ የሚሠራ ማሞቂያም መስኮት በጥቂቱ ሳይከፈት አይነድ፤ ከመኝታ በፊትም ይጥፋ። በእንዲህ ያለ ቤት ውስጥ ራሱን ያመመውና ያዞረው ሰው ቢኖር ወዲያው ሁሉም ወደ ውጭ ይውጣ፤ ወደ ማጌን ዳቪድ አዶም በ101 ይደወል።

ሂሳቡን ማንበብና መብትን ማወቅ

ሂሳቡ ሲመጣ ከገንዘቡ ቁጥር በፊት የሚከተሉትን ቃላት እንፈልግ። እናትና ልጅ አብረው እንዲያዩአቸው በአማርኛ ፊደል ጽፈናቸዋል፦

ሞኔ፦ ቆጣሪ።
ክሪአ ኮዴሜት፦ ያለፈው የቆጣሪ ንባብ።
ክሪአ ኖክሒት፦ የአሁኑ የቆጣሪ ንባብ።
ጽሪኻ፦ የሁለቱ ንባቦች ልዩነት፣ ማለትም የተበላው ኪሎዋት ሰዓት።
ሃዓራኻ፦ ግምት። ቆጣሪው ሳይነበብ በግምት የተጻፈ ሂሳብ ማለት ነው።
ታሽሉም ካቩዓ፦ ብንጠቀምም ባንጠቀምም የሚከፈል ቋሚ ክፍያ።
ማዓም፦ የተጨማሪ እሴት ግብር። እ.ኤ.አ. በ2025 መጀመሪያ ከ17 ወደ 18 በመቶ ከፍ ብሏል።
ሄስዴር ታሽሉሚም፦ ዕዳን በየጊዜው ከፋፍሎ የመክፈል ስምምነት።

«ሃዓራኻ» የሚል ከተጻፈ፣ በሂሳቡ ላይ ያለውን ቁጥር በቆጣሪው ላይ ካለው ጋር ማስተያየት ይገባል። ከዚህም ሌላ በየሳምንቱ እሁድ ጠዋት የቆጣሪውን ቁጥር በደብተር መጻፍ ጥሩ ልማድ ነው። በአንዱ ሳምንት ቁጥሩ ከዘለለ ምክንያቱን ገና ትዝ ሲለን እናገኘዋለን፤ ሂሳቡ ከሁለት ወር በኋላ ሲመጣ ግን የሚያስታውስ የለም። በቤት ያለው ዕቃ ሁሉ ጠፍቶ ቆጣሪው መቁጠሩን ከቀጠለ ደግሞ ባለሙያ ይይ።

የቅናሽ መብትም አለ። ከቢቱዋሕ ለኡሚ የእርጅና አበል ከገቢ ማሟያ ጋር የሚያገኙ አረጋውያን፣ እንዲሁም በደንቡ የተዘረዘሩ የአካል ጉዳተኞችና ሌሎች ባለመብቶች፣ በየወሩ በመጀመሪያዎቹ 400 ኪሎዋት ሰዓት ላይ የ50 በመቶ ቅናሽ ይሰጣቸዋል። ቅናሹ በሂሳቡ ላይ ካልታየ፣ አንዱ የተለመደ ምክንያት ቆጣሪው በሌላ ሰው፣ ለምሳሌ በልጅ ወይም በቀድሞ ተከራይ ስም መመዝገቡ ነው። በኤሌክትሪክ ኩባንያው ስልክ 103 ደውሎ ቆጣሪው በማን ስም እንደሆነ መጠየቅ ይቻላል።

እ.ኤ.አ. ከ2024 ጀምሮ ደግሞ ማንኛውም ቤተሰብ ኤሌክትሪክ የሚገዛበትን ድርጅት መምረጥ ይችላል። ድርጅት ቢቀየርም ሽቦውና የኤሌክትሪኩ ጥራት ያው ነው። አንዳንዶቹ በቀኑ ሙሉ አነስተኛ ቅናሽ ይሰጣሉ፤ ሌሎቹ በተወሰኑ ሰዓቶች ብቻ ከፍ ያለ ቅናሽ ይሰጣሉ። ለዚህ ሁለተኛው ዘመናዊ ቆጣሪ ያስፈልጋል። ቀን ሥራ የሚውል ቤተሰብ የቀን ቅናሽ ቢወስድ አይጠቅመውም። በስልክ ደውሎ ለሚያጣድፍ ሻጭ የመታወቂያም የባንክም ቁጥር መስጠት አይገባም። ውሉን በጽሑፍ አስልኮ፣ የሚያነብ ሰው አንብቦት መፈረም ነው።

መክፈል ያቃተው ሰውም ደብዳቤውን በመሳቢያ አይደብቅ። የአገሪቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2022 በሰጠው ፍርድ፣ በዕዳ ምክንያት ኤሌክትሪክ ከመቆረጡ በፊት ባለዕዳው የገንዘብ ወይም የጤና ችግሩን ለማስረዳት ዕድል ሊሰጠው እንደሚገባ ወስኗል። ይህ መብት የሚጠቅመው ግን ቀድሞ ለተናገረ ሰው ነው። ወደ ኩባንያው ደውሎ ክፍያው እንዲከፋፈል መጠየቅ፣ ወደ ማኅበራዊ አገልግሎት ቢሮም መሄድ ነውር አይደለም።

እናትና ልጅ

ወደ ጀመርንበት እንመለስ። በብዙ ቤት ልጁ ሂሳቡን ያነባል፤ እናት ትሰማለች። ስለዚህ ልጁ አዋቂ፣ እናት ደግሞ የማታውቅ ሆና ትታያለች። ይህ የስደት ሕይወት ካመጣብን ሕመሞች አንዱ ነው። ነገር ግን በዚህ ጉዳይ ልጁ የሚያውቀው ፊደሉን ብቻ ነው። እሳት መቼ እንደሚቀጣጠል፣ መቼ እንደሚዳፈን፣ በአንድ ማገዶ ስንት ሥራ እንደሚሠራ የምታውቀው እናት ናት።

በሚቀጥለው ጊዜ ሂሳቡ ሲመጣ ሁለቱ አብረው ይቀመጡ። ልጁ «ጽሪኻ» የሚለውን ቁጥር ያንብብ፤ ካለፈው ዓመት የዚያው ወቅት ሂሳብ ጋርም ያስተያይ። እናትም ምጣዱ ስንት ጊዜ እንደ በራ፣ የውሃው ማብሪያ መቼ እንደ ተረሳ፣ ታኑሩ ስንት ሰዓት እንደ ነደደ ትናገር። የገንዘቡ መንገድ ያን ጊዜ ይገለጣል። ይህንንም ሲነጋገሩ የሳሎኑ አምፑል ይብራ። ዋጋው በሁለት ወር ሁለት ሼቄል አይሞላም።